ስሙን ያልጠራነው በሽታ

በ2008 ዓ.ም. ሰኔ ውስጥ አዲስ አበባ ላይ ሰላጣ የሚበላ ሰው ጠፍቶ ነበር። እናቴ ያኔ ሰፈራችን ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት ነበራት፤ ስድስት ጠረጴዛ፣ ሁለት የከሰል ምድጃ፣ ከኋላ ደግሞ ከአራት አባወራ ጋር የምንጋራው ግቢና አንድ መጸዳጃ ቤት። ከበያይነቱ ላይ ጥሬ ሰላጣውን አስቀርታ በተቀቀለ ቀይ ሥር ተካችው። ደንበኛ ሲጠይቃት «አተት ገብቷል ይላሉ፣ ለናንተው ብዬ ነው» ትላለች። ደንበኛውም «እውነትሽን ነው እማማ» ብሎ ይጎርሳል።

አተት። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት። ከሦስት ቃላት ፊት ፊታቸው ተቆርጦ የተሠራ ስም ነው። ሲጠሩት አያስፈራም፤ አፉን ገና የሚፈታ ሕፃን የሚያወጣው ድምፅ ይመስላል። በራዲዮ ይነገራል፣ ወረዳው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ሚኒባስ ውስጥ ይወራል። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ሌላው ስም ግን የትም አልተጻፈም።

አንድ ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በራሪ ወረቀት ይዛ ወደ ምግብ ቤቱ መጣች። ወጣት ናት፣ ቀጭን፣ ጫማዋ በጭቃ የተለወሰ። እጅ መታጠብ፣ ውኃ ማፍላት፣ ጥሬ ምግብ አለመብላት፤ ሁሉንም አስረዳች። እናቴ ሰምታ ሰምታ ሲያበቃ «ልጄ፣ እንዲያው ይሄ ነገር ኮሌራ ነው እንዴ?» አለቻት። ልጅቷ ወደ በሩ ዞር ብላ አየችና «እማማ፣ አተት ነው የሚባለው» አለች።

ልብ በሉ፣ «ኮሌራ አይደለም» አላለችም። «አተት ነው የሚባለው» ነው ያለችው። አልዋሸችም፤ እውነቱንም አልተናገረችም። በዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ደመወዟ አለ፣ አለቃዋ አለ፣ እናቴን ላለማታለል ያላት ሐሳብም አለ። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር ከአእምሮዬ ማውጣት አልቻልኩም። ጥያቄዬም ከእሷ ነው የሚነሳው፦ በሰው ሕይወት ላይ ኃላፊነት ያለበት አካል፣ ለሕዝቡ ጥቅም ብሎ የበሽታን ስም መደበቅ ይችላል ወይ? ይችላል ስል መብት አለው ወይ ማለቴ ነው። መቻሉንማ አይተነዋል።

መጀመሪያ ለዝምታው ልከራከርለት። የምሬን ነው፤ ምክንያቱም ለዝምታው የሚቀርበው ክርክር ብዙዎቻችን እንደምናስበው ተራ አይደለም።

ኮሌራ በውኃና በምግብ የሚገባ ባክቴሪያ ነው። አንጀት ውስጥ የሚያመነጨው መርዝ የሰውነትን ፈሳሽ እንደተከፈተ ቧንቧ ያወርደዋል፤ የጠናበት ሰው በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊያጣ ይችላል። ጠዋት ጤነኛ የነበረ ሰው ማታ ሬሳ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ካልታከመ በጽኑ ከያዛቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉን ይገድላል። በጊዜ ከታከመ ደግሞ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞትም። ሕክምናው ምን መሰላችሁ? በዋናነት ውኃ፣ ስኳርና ጨው። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ድንበር ተሻግሮ ሕንድ የገባው ስደተኛ በኮሌራ ሲረግፍ፣ ቦንጋኦን በተባለ ቦታ የነበረው ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ፣ እኛ በጅምላ ግሉኮስ የምንለው፣ አለቀበት። ስኳርና ጨው በውኃ አስበጥብጦ የታማሚዎቹ ቤተሰቦች በኩባያ እንዲያጠጧቸው አደረገ። ከመቶ 30 ይሞት የነበረው ወደ 4 ገደማ ወረደ። ዛሬ ፋርማሲ ገብተን «ኦ አር ኤስ ስጠኝ» ወይም «ለምለም አለ?» የምንለው ያ ነው።

እንግዲህ ሕክምናው ይህ ከሆነ ነርሷ ስሙን ማወቅ ምን ያደርግላታል? ተቅማጥ አየች፣ ፈሳሽ ትተካለች። ጉዳዩ በ2009 ዓ.ም. ግንቦት የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ሊመረጥ ሲል የመከራከሪያ ርዕስ ሆኖ ነበር። ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ሚኒስትር በነበሩበት ዘመን ኮሌራ ተደብቋል የሚል ክስ ሲቀርብባቸው ክሱን ውድቅ አድርገዋል። መልሳቸው ወረርሽኙ ሩቅ ቦታ ስለነበረ የላቦራቶሪ ምርመራ አስቸጋሪ ነበር የሚል ነበር። ገጠር ያለን ጤና ኬላ የሚያውቅ ሰው ይህን ሰምቶ ዝም ብሎ አይስቅም። ማቀዝቀዣ የሌለበት፣ መብራት የሚጠፋበት፣ መኪና በሳምንት አንዴ የሚያልፍበት ቦታ ነው።

ስሙን መጥራት ደግሞ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1991 ኮሌራ ፔሩ ሲገባ አገሪቱ አልደበቀችም፤ ወዲያው ተናገረች። ምን አገኘች? ዓሣዋንና አትክልቷን የሚገዛት ጠፋ፣ ቱሪስቱ ቀረ፣ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ከሰረች። የጤና ሚኒስትሩ ጥሬ ዓሣ አትብሉ እያሉ ሲለምኑ፣ ፕሬዚዳንት ፉጂሞሪ ደግሞ ዓሣ አስጋሪው እንዳይከስር ብለው በአደባባይ በሎሚ የራሰ ጥሬ ዓሣ በሉ። በዚያ ዓመት ከ3 መቶ ሺህ በላይ ሰው ታመመ፣ ወደ 3 ሺህ ሰው ሞተ። በቅርባችንም እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ የአውሮፓ ኅብረት በኮሌራ ሰበብ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ የሚገባውን ትኩስ ዓሣ ለወራት አግዶ ነበር። የቪክቶሪያ ሐይቅ አስጋሪ ለሐቀኝነት የተከፈለው ደመወዝ ይህ ነው።

ነገሩ ከጥንስሱም የንግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1851 ፓሪስ ላይ 12 መንግሥታት ስለ ጤና ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ሲቀመጡ የሰበሰባቸው ኮሌራ ነው፤ ከሰው ሞት እኩል ያስጨነቃቸው ግን በየወደቡ በኳራንቲን የሚቆም መርከብ ነው። ዓለም አቀፍ የሕዝብ ጤና የምንለው ነገር የተወለደው ነጋዴና ሐኪም እየተጓተቱ ነው። ከዚያ ወዲህ መንግሥታት ሲደብቁ፣ ሌሎች ሲያጋልጡ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1970 ጊኒ አላሳውቅም ስትል የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ኮሌራ መግባቱን ለዓለም አሳወቀ።

ሽብርም አለ። እ.ኤ.አ. በ1832 ሊቨርፑል ውስጥ ሕዝቡ በሐኪሞች ላይ ድንጋይ ወረወረ፤ በሰሜን ሞዛምቢክ የጤና ሠራተኞች ውኃ ውስጥ የሚጨምሩት ክሎሪን ራሱ ኮሌራው ነው ተብሎ ሰዎች ተደብድበዋል፣ የሞቱም አሉ። በፖርቱጋልኛ የሁለቱ ነገሮች ስም ይቀራረባል። ስም ሰው ያስገድላል የሚል ባለሥልጣን ቢኖር ማስረጃ አያጣም።

እዚህ ላይ ግን ቆም እላለሁ። የሊቨርፑል ሰው የተነሳው ኮሌራ የሚለውን ስም ስለሰማ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሐኪሞች ትምህርት ሬሳ ለመሸጥ ሰው የሚገድሉ ሰዎች ተይዘው ስለነበር፣ ሆስፒታል የገባ ዘመዱ ለቢላዋ እንደሚዳረግ ስላመነ ነው። ሽብሩን የወለደው የዚያን ቀን እውነት ሳይሆን የቆየ አለመተማመን ነው። አለመተማመንን በሌላ መደበቅ ማከም ደግሞ ጥማትን በጨው ውኃ እንደማርካት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። እኛ መደበቅን ዝም ብለን የምንኮንን ሕዝብ አይደለንም። መርዶ የሚባል ሥርዓት አለን።

የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። እናቷ ስትሞት የሰማችው ከተቀበረች ከአሥር ቀን በኋላ ነው፤ የነርስነት ፈተናዋ ሳምንት ቀርቶት ነበር። በነዚያ አሥር ቀናት ሁለት ጊዜ ደውላ «እማዬን አቅርቡልኝ» ስትል «ተኝታለች»፣ «ጸበል ሄዳለች» ተብላለች። ፈተናውን በጨረሰች ማግስት ጎህ ሲቀድ ስምንት የአገር ሰው በሯን አንኳኳ። ከመካከላቸው አንዲቷ ሌሊቱን ፈረቃ አድራ በቀጥታ ከሥራ የመጣች ናት። አንዱ ውኃ ይዞ ነበር፤ አንዱ ልጆቿን ወደ ሌላ ክፍል ወሰደ። ስምንት ሰው በዚያ ሰዓት በሯ ላይ ስታይ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ አውቃዋለች። ሳምንቱን ሙሉ ከቤቷ አልጠፉም፤ እየተፈራረቁ አደሩ። እስከዛሬ አንዳንድ ቀን ታመሰግነናለች፣ አንዳንድ ቀን ትወቅሰናለች።

እና አተትን የመርዶ ዘመድ አድርጎ ማየት ይቻላል ወይ? ሕዝቡ እንዳይደነግጥ፣ ቀስ ተብሎ፣ አቅሙ እየታየ ይነገረው ነው ነገሩ? ለረጅም ጊዜ እንዲህ ብዬ ለመረዳት ሞክሬያለሁ፤ ከባህላችን የመጣ ነው፣ ክፋት አይደለም እያልኩ። አልሆነልኝም።

መርዶ ቀጠሮ አለው። የሚደብቁት ሰዎች የሚነግሩበትን ጠዋት ይዘው ነው የሚደብቁት፤ ቀኑ ካለፈ ነውር ይሆናል። አተት ቀጠሮ አልነበረውም። በ1998 ዓ.ም. ከጋምቤላ ተነስቶ አገር ሲያዳርስ አተት ነበር፣ በ2001 አዲስ አበባ ሲገባ አተት ነበር፣ በ2008 ሲመለስም አተት። ደግሞም መርዶ ነጋሪው ዋጋ ይከፍላል፤ እንቅልፉን፣ የሥራ ቀኑን፣ ሲከፋም በለቅሶተኛዋ ጥፍር የሚቧጨር ፊቱን። ከሁሉ በላይ ግን ሙት ሙት ነው። የአክስቴ ልጅ በአሥር ቀን ብትዘገይ እናቷን አታጣትም፤ አጥታታለች። ማወቋ የሚጨምረው ሐዘን እንጂ የሚያድነው ሰው የለም። ኮሌራን የሚሰማ ሰው ግን ገና አልሞተም። እሱም ልጁም ጎረቤቱም ሊድኑ ይችላሉ። የመርዶው መዘግየት ለሰሚው ሲባል ነው፤ የዚህኛው ለማን ሲባል እንደሆነ ከቡናው፣ ከሥጋው፣ ከኮንፈረንሱና ከአገር ገጽታው መጠየቅ ነው።

«በራሪ ወረቀቱ ላይ እኮ ምክሩ ሁሉ ነበር» የሚለኝ አይጠፋም። ትክክል ነው፤ ነበር። ታዲያ ስሙ ቢጠራ ምን ይጨምር ነበር? አንደኛ ነገር፣ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ለወረርሽኝ ጊዜ የሚሆን የኮሌራ ክትባት ዓለም አቀፍ ክምችት አለ፤ ከዚያ የሚጠይቅ አገር ኮሌራ አለብኝ ማለት አለበት። «አጣዳፊ ተቅማጥ» ተብሎ የሚከተብ ክትባት የለም። ይህን ቶሎ ልለፈው፣ ግልጽ ነው። ከዚያ የሚብሰው ስሙ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋው ነገር ነው።

ጆን ስኖው የሚባለው የለንደን ሐኪም የውኃ ፓምፕ እጀታ አስነቅሎ ኮሌራን አቆመ የሚለውን ታሪክ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ብሮድ ስትሪት፣ እ.ኤ.አ. 1854። ጥሩ ታሪክ ነው፤ ግን ስኖው ራሱ ወረርሽኙ እጀታው ከመነቀሉ በፊት መቀነስ እንደጀመረ ያውቅ ነበር፣ ሰዉ ሰፈሩን ጥሎ ሸሽቶ ነበርና። እኔን የሚገርመኝ በዚያው ዓመት ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ የሠራው ሥራ ነው። እዚያ ሁለት የውኃ ኩባንያዎች በአንድ መንገድ፣ ጎን ለጎን ላሉ ቤቶች ውኃ ይሸጡ ነበር። ላምቤዝ የተባለው ከሁለት ዓመት በፊት የውኃ መሳቢያውን ከከተማው ቆሻሻ በላይ ወዳለው የወንዙ ክፍል አዛውሮ ነበር። ሳውዝዋርክና ቮክስሆል የተባለው ግን የለንደን ፍሳሽ ከሚገባበት መካከል መቅዳቱን ቀጠለ። ስኖው ቤት ለቤት ዞረ። ብዙው ተከራይ ውኃው የማን እንደሆነ አያውቅም፤ የሚከፍለው አከራዩ ነው። ስለዚህ ውኃውን በጠርሙስ እየቀዳ የጨው መጠኑን በኬሚካል እየለካ የየትኛው ኩባንያ እንደሆነ ለየ። በወረርሽኙ የመጀመሪያ ሰባት ሳምንታት፣ ቆሻሻውን ውኃ በሚጠጡት ዘንድ ከ10 ሺህ ቤት 315 ሰው ሞተ፤ በላምቤዝ ደንበኞች ዘንድ 37።

ይህ ቁጥር ሳይንስ ብቻ አይደለም፤ የሥነ ምግባር ፍርድ ነው። ከዚያ በፊት ኮሌራ የድሃ በሽታ፣ የሰካራም በሽታ፣ የእግዚአብሔር ቁጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1832 እንግሊዝ ውስጥ ብሔራዊ የጾም ቀን ታውጆለት ነበር። እነዚህ ጎረቤታሞች ግን ደሞዛቸው፣ መጠጣቸው፣ ጸሎታቸው፣ የእጃቸው ንጽሕና አንድ ነው። የለያቸው ከግድግዳቸው ውጭ፣ እነሱ ያልመረጡት፣ ሌላ ሰው ትርፍ ያሰላበት ቧንቧ ነው። ጥፋተኛው አድራሻ አገኘ።

(በነገራችን ላይ፣ ስኖውን ያላመኑት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። በሽታ ከመጥፎ ሽታ ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። ኤድዊን ቻድዊክ የሚባለው ትልቁ የጽዳት አራማጅ ሽታውን ከየቤቱ ለማራቅ ብሎ የለንደንን ቆሻሻ ወደ ቴምዝ ያስጥለው ነበር፤ ሰው የሚጠጣው ወንዝ ውስጥ ማለት ነው። እኛም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን ስናጥን፣ የ1911 ዓ.ም.ን የኅዳር በሽታ እያስታወስን፣ የዚያው እምነት ልጆች ነን። ጢሱ ቫይረስ አይገድልም፤ ሰፈሩ ግን በዓመት አንዴም ቢሆን ይጠረጋል።)

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቆጨኝ የሃምቡርግ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. 1892፣ ኮሌራ በውኃ እንደሚመጣ ከታወቀ፣ ሮበርት ኮህ ባክቴሪያውን ካሳየ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ሃምቡርግን የሚያስተዳድሩት ነጋዴዎች ናቸው፤ የማጣሪያውን ወጪ ለዓመታት ሲያንከባልሉ ኖረው ከተማው ከኤልብ ወንዝ ሳያጣራ ይጠጣል። ነሐሴ ላይ ሰው መሞት ሲጀምር ለአንድ ሳምንት ያህል ዝም አሉ። መርከቦች ከወደቡ እየወጡ ነበር፤ ኮሌራ ከተባለ ወደቡ ይዘጋል። ወደ 8,600 ሰው አለቀ። አጠገቧ ያለችው አልቶና፣ መንገድ ብቻ የሚለያት፣ ውኃዋን የምትቀዳው ከሃምቡርግ በታች፣ የሃምቡርግ ፍሳሽ ከገባበት በኋላ ነው። ግን በአሸዋ ታጣራው ነበር። በብዙው ተረፈች። ድንበሩ ላይ በሃምቡርግ በኩል ያለ አንድ ትልቅ የሠራተኞች መኖሪያ ውኃው በአጋጣሚ ከአልቶና ስለሚመጣለት ኮሌራ አልገባበትም።

አሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ወረቀት መልሼ ላንብበው። «እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።» በየትኛው ውኃ? እኛ ሰፈር ያኔ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ፣ በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው። ሲመጣ በርሜልና ጀሪካን ይሞላል፤ በሦስተኛው ቀን የበርሜሉ ታች ይታያል። «አጣዳፊ ተቅማጥ» የሆድ ነገር ነው፤ የግለሰብ ነው፤ ሰውየው የበላው፣ ሴትዮዋ ያላጠበችው። ኮሌራ ግን የከተማ ነገር ነው። ኮሌራ ሲባል ሰው ቀና ብሎ ቧንቧውን፣ መጸዳጃውን፣ በጀቱን ያያል። ስሙ ሲለወጥ ጥያቄው ከማዘጋጃ ቤት ወርዶ የእናቴ ጣቶች ላይ ዐረፈ። ለኔ ትልቁ በደል እዚህ ላይ ነው። የተሰወረው የባክቴሪያው ስም ብቻ ሳይሆን የባለዕዳው ስምም ነው።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሐቀኛ አልሆንም።

በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ መግቢያ ላይ፣ ሳህን የምታጥብልን ልጅ ሌሊት ታመመች። ከወሎ ከመጣች ዓመት አልሞላትም። እናቴ ፌጦ በሎሚ በጥብጣ ሰጠቻት፤ ወዲያው አስመለሳት። የሚወጣት ነገር የሩዝ ውኃ ይመስል ነበር። ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባ። ላዳ ለምኜ አመጣሁ፤ ሹፌሩ እንዳያይ በጋቢና በፕላስቲክ ጠቅልለን አስገባናት። «ምን ሆና ነው?» ሲል እናቴ «ታይፎይዷ ተነስቶባት» አለች። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ነበር፤ ወደዚያ ወሰዷት። ካርዷ ላይ አተት ተብሎ ተጻፈ። በሦስተኛው ቀን እየሳቀች ተመለሰች።

ጠዋት ጎረቤቶቻችን ሲጠይቁ እናቴ ያንኑ ደገመችው። ታይፎይድ። ምን ታድርግ? ምግብ ቤት ናት። ያንን ቃል ብትናገር በማግስቱ የሚገባ ሰው የለም፤ የቤት ኪራዩ አለ፣ የእኔ ትምህርት ቤት አለ። ፔሩ ዓሣዋን እንዳጣችው ሁሉ እሷም ስድስት ጠረጴዛዋን ታጣለች። እኔም ዝም አልኩ። ጭራሽ ሌሊት ሌሊት ተደብቄ የጋራ መጸዳጃው ውስጥ በረኪና እደፋ ነበር። ማለት፣ በረኪና ለመድፋት የሚበቃ እውቀት ነበረን።

በአራተኛው ቀን ከጎናችን ያሉት ጋሼ ታመሙ። ጡረተኛ ናቸው፤ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ልጅቷ ከሰፈር የሰማችው ታይፎይድ ነው፤ እሷም ታይፎይድ መስሏት ቤት የተረፈ ካፕሱል ሰጥታ፣ ሻይ አጠጥታ፣ ሲነጋ እወስዳቸዋለሁ ብላ አደረች። ሲነጋ አልደረሰም። በሽታው ከእኛ መጸዳጃ ይሁን፣ ከበርሜላቸው ይሁን፣ ከገበያ ይሁን የሚነግረኝ የለም። ያ ሌሊት የባከነው ግን በእኛ ቃል ነው።

ለቅሶው ላይ የእናቴ ድስቶች ነበሩ የሚሠሩት፤ ማን አላት እንደሷ። ወንድ ልጃቸው ጅዳ ነበር። ጓደኞቹ ከሱብሂ ጸሎት በኋላ፣ ገና ሳይነጋ፣ ክፍሉ ድረስ ሄደው አረዱት። በሦስተኛው ቀን ሲደውል ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እናቴ ጋ ደረሰ። «እማማ፣ አባዬ ምን ነበር ያመመው?» አላት። ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ «ድንገተኛ ነው ልጄ፣ ድንገተኛ ነው» አለችው።

ስለዚህ ስለ መንግሥት ዝምታ ስጽፍ ከማማ ላይ ሆኜ አይደለም። ሁለቱ ዝምታዎች እኩል ናቸውም አልልም። እናቴ ብትናገር የምታጣው እንጀራዋን ነው፣ የሚደርስላትም የለም፤ ተናገር ተብሎ በጀት የተያዘለት፣ ሐኪምና ላቦራቶሪ ያለው፣ ሲናገር ማንም ከቤቱ የማያስወጣው አካል ግን ሌላ ነው። ግን ደግሞ አውቃለሁ፤ ያቺ ወጣት ባለሙያ «አዎ እማማ፣ ኮሌራ ነው» ብላ ቢሆን ኖሮ፣ ቃሉ ወረዳው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ፣ እናቴ የምትደብቀው የራሷ ብቻ ነውር አይኖራትም ነበር። የሁሉም ይሆን ነበር። ላይኛው ሲደብቅ ለታችኛው መደበቂያ ቃል ያቀብለዋል። ይህን የምለው ለእናቴ ስለማደላ ሊሆን ይችላል፤ አንባቢ ይፍረደኝ።

በ2011 ዓ.ም. ወረርሽኙ እንደገና ሲነሳ ጤና ሚኒስቴር ኮሌራ ነው ብሎ በግልጽ ተናገረ። ማታ ራት እየበላን ነበር፤ ራዲዮው ቃሉን እንዲሁ፣ እንደማንኛውም ቃል፣ አለው። ሰማይ አልተናደም። በማግስቱም ሱቁ ተከፍቶ፣ ሚኒባሱ ሞልቶ ነው ያየሁት። እናቴ ግን የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠችው። «ኮሌራ አሉት» አለች። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

የዚያን ሌሊት የውኃ ተራችን ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው ሲያጓራ ተነስቼ በርሜሉን መሙላት ጀመርኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ገና ሳይነጋ፣ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከቤት ወጣች። ወዴት ነሽ አላልኳትም። ግቢውን አቋርጣ ወደ ጋሼ ቤት ሄደችና ጥቂት ቆመች። ቧንቧውን ዘጋሁት። የልጅቷ በር ሲንኳኳ ሰማሁ።